ኢንሻራህ፣ ሞደሟና የኡስታዝ ወግዲ ስህተት

ኢንሻራህ አንድ ቦታ ቁጭ ማለት አይሆንላትም። በግብፅ፣ ድምያጥ ከተማ ውስጥ በወንዙ ዳር ባለው አሮጌ ቤተ መጻሕፍት ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ ወንበሯ ሞቆ አያውቅም ይባል ነበር። ካርድ እየጻፈች ድንገት ብድግ ትላለች፤ መጽሐፍ ልትመልስ ሄዳ መስኮቱ ጋ ትገኛለች፤ ከመስኮቱ ሲፈልጓት ደጅ ናት። ባሏ ሩሽዲ የወንበር እግር ቀራጭ ነው፤ ጠዋት ጉቶው ላይ ከተቀመጠ ለምሳ ካልጠሩት አይነሳም።

"አንቺን የፈጠረ ጌታ ሊያስቀምጥሽ ረስቶ ነው" ይላታል።

"አንተን ደግሞ ሊያስነሳህ ረስቶ" ትለዋለች። እንዲህ እየተባባሉ ሦስት ልጆች አሳድገዋል።

በፈረንጆቹ 1996 መገባደጃ ላይ ከካይሮ ደብዳቤ መጣ። ኢንተርኔት የሚባል ነገር ስላለ አንድ ሰው ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ላኩ፣ ሲመለስ የአካባቢውን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ያስተምራል ይላል። የሚሄድ ጠፋ። አንዷ ልጇን ልትድር ነው፣ አንዱ ወገቡን ያመዋል። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሸዋድፊ ደብዳቤውን አንብቦ ሲያበቃ ቀና እንኳ ሳይል "ኢንሻራህ ትሂድ፤ እዚህ ሆናም የለችም" አለ።

ሄደች። ሦስት ሳምንቱን እንዴት እንዳሳለፈችው እሷ ናት የምታውቀው። የእንግሊዝኛዋ ነገር ከትምህርት ቤት የተረፈ ነበር፤ ኮምፒዩተር ነክታ አታውቅም፤ አሠልጣኙ ልጇ ቢሆን የሚያንስባት ጎረምሳ ነው። ግን ዓለም ላይ ያሉ ቤተ መጻሕፍት ካርዳቸውን በስልክ ሽቦ ሲያሳዩዋት የሆነ ነገር በደረቷ ውስጥ ሮጠ። ይኸው እስከዛሬ የምትንቆራጠጥለት ነገር! መቀመጫዋን ሳትለቅ ከአገር አገር የምትሄድበት መንገድ ተገኘ። ስትመለስ ኮምፒዩተሩን ከስልክ ሽቦ ጋር የሚያገናኘውን ሞደም በፎጣ ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን አቅፋ በሚኒባስ አመጣችው።

የመጀመሪያው ችግር ስልክ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እሱም የሸዋድፊ ጠረጴዛ ላይ ነው። ኢንሻራህ ረጅም ሽቦ በኮሪደሩ ስባ፣ በበሩ ሥር አሳልፋ እስከ ንባብ አዳራሹ አደረሰችው። እሷ ስትገናኝ የኃላፊው ስልክ ድዳ ይሆናል። ኃላፊው ስልክ ሲያነሳ ደግሞ እሷ ትቋረጣለች። ስለዚህ መጽሐፍ የምታውሰው ኒዕማት፣ የልብ ጓደኛዋ፣ በሩ ላይ ዘብ ትቆማለች።

"ኡስታዝ ሸዋድፊ፣ አሁን አይደውሉ፤ ኢንሻራህ ባሕር ማዶ ናት" ትላለች።

ተማሪዎቹ አሥራ አንድ ናቸው፤ ከከተማውና ከዙሪያው ካሉ የትምህርት ቤትና የቀበሌ ቤተ መጻሕፍት የመጡ። ማክሰኞ ማክሰኞ ይሰበሰባሉ። አንድ ገጽ ተከፍቶ እስኪያልቅ ሻይ ተፈልቶ ይጠጣል። ሥዕል ካለበትማ ከአናቱ ጀምሮ በስንጥር በስንጥር ነው የሚወርደው።

"ይሄ ኢንተርኔት የምትሉት ነገር ቁርጥ አማቴን" አለች ኒዕማት አንድ ቀን። "መጣሁ፣ ደረስኩ ስትል ትውልና ስትደርስ ግማሽ አካሏ ብቻ ነው የሚገባው፤ ሌላው በር ላይ ሰው እያማ ይቀራል።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ኢንሻራህ ግን አልሳቀችም፤ ከማያ ገጹ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ማያ ገጹ ትመላለሳለች። መስመሩ የማይገኝበት ቀን ሲሆን በጥቁር ሰሌዳ ታስተምራለች። ገጽ እንዴት እንደሚጻፍ፣ እያንዳንዱ ትእዛዝ እንዴት በምልክት ተከፍቶ በምልክት እንደሚዘጋ እየጮኸች ታሳያለች። "የከፈታችሁትን ዝጉ! ፊደል ማድመቂያ ከከፈታችሁ ዝጉ! ርዕስ ከከፈታችሁ ዝጉ! ካልዘጋችሁት እስከ ገጹ መጨረሻ እየነዳ ይወርዳል!" ጠመኔው በእጇ ይሰበራል፤ የተሰበረውን ጥላ ሌላ ታነሳለች።

በኋለኛው ወንበር እጃቸውን አጣምረው የሚቀመጡት ኡስታዝ ወግዲ ቁልታ ናቸው፤ ኡስታዝ እዚያ አገር የተማረ ሰው ሁሉ መጠሪያ ነው። ካርድ በመጻፍ ሥራ ከሁሉም ቀዳሚው ሰው፤ ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ የእጅ ጽሑፋቸው እንደ ታተመ ፊደል ነው። ትምህርቱን አይጠሉም፣ አይወዱምም። አንዴ ብቻ ተናገሩ።

"ወረቀት አይጠፋም፤ መብራት ይጠፋል" አሉ።

እኚህ ሰው በከተማው የታወቁት በአንድ ደብተር ነው። በፈረንጆቹ 1969 ምድር ቤት ካለ ጆንያ ውስጥ፣ መጀመሪያው የተቀደደ፣ አንድ ጥንታዊ የባሕር ሰው ስለ ነፋስና ስለ ወደብ፣ ስለ ሰመጡ ጓደኞቹ የጻፈበት ደብተር አገኙ። ጥግ ላይ ካለው ማኅተም ሐሙዳ የሚል ስም አነበቡ፤ ጸሐፊውንም ራይስ ሐሙዳ፣ የድምያጥ መርከብ አለቃ አሉት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የትምህርት ቤት ልጆች ሲመጡ ስለ ራይስ ሐሙዳ ይተርካሉ። ሲተርኩ ድምፃቸው ይለወጣል፤ ልጆቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ይሰማሉ። ከእነዚያ ልጆች አንዱ አድጎ ዓሣ አጥማጅ ሆነና ዒዝበት አልቦርግ በተባለችው የባሕር ዳር መንደር ያሠራትን ጀልባ "ራይስ ሐሙዳ" ብሎ በሰማያዊ ቀለም ጻፈባት።

ኢንሻራህ ደግሞ የሌላውን ገጽ ማየት ብቻ ሰለቻት። "እኛስ? እኛ የምናሳየው የለንም?" አለች። ክርክር ተነሣ። አንዷ የኃላፊው ፎቶግራፍ ይሁን አለች። አንዷ ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ አሠራር ይሁን አለች፤ ሙሸበክን ከድምያጥ ሰው በቀር ማን ያውቅበታል? ኢንሻራህ የፈለገችው ግን ኡስታዝ ወግዲ በሃያ ዓመት ያዘጋጁትን የሁለት መቶ አሥራ አራት የእጅ ጽሑፎች ዝርዝር ነው። ስድስት ሳምንት ተየበችው። የዐረብኛው ፊደል ባሕር ማዶ ባለ ኮምፒዩተር ላይ ጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ይታያል ስላሏት እያንዳንዱን ርዕስ በላቲን ፊደልም ደገመችው። ነሐሴ ላይ አንድ ሐሙስ ገጹን ወደ ኢንተርኔቱ ላከችው። ከላይ፣ በትልቁ፣ "አዘጋጅ ወግዲ ቁልታ" ብላ ጻፈችበት።

አልጠየቀቻቸውም። ላስደስታቸው ብላ ነው። ሲያዩት ግን መነጽራቸውን ወልውለው እንደገና አዩና "ስሜ እዚያ ምን ይሠራል?" አሉ።

"ዓለም ያያዎታል እኮ! እንኳን ደስ ያለዎት!" አለችና ሌላ ነገር ልታሳያቸው ሮጠች። መልስ መጠበቅ የት ታውቃለች።

ከዚያ በየቀኑ ደብዳቤ መጣ አልመጣ እያለች ሽቦውን መጎተት ሆነ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት፣ አምስት ሳምንት። "ደግሞ ተነሣች! ወላሂ፣ እርጉዝ ሳለሁ እንዲህ አልተንቆራጠጥኩም" ትላለች ኒዕማት። ምንም የለም። ባሕር ውስጥ ድንጋይ የጣለች መሰላት።

በመስከረም መጨረሻ በአንድ ማክሰኞ፣ አሥራ አንዱም ተቀምጠው ሳለ፣ ደብዳቤ መጣ። ከሊባኖሷ ትሪፖሊ ነው። ኢዝዲሃር የምትባል የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ በላቲን ፊደል የጻፈችው ዐረብኛ፤ መስመር በመስመር እየወረደ ነው። ኢንሻራህ ጮኸች፤ ሁሉም ተሰበሰቡ፤ እሷ ቆማ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች።

"የተከበራችሁ የድምያጥ ወንድሞችና እህቶች፣ የዝርዝራችሁን አንድ መቶ ሰባተኛ ቁጥር አይቼ እንቅልፍ አጣሁ። የእናንተ ደብተር 'እንጨቱን ወደ ባሕሩ ጣልነው' ብሎ ይጀምራል ብላችኋል። እኛ ጋ መጨረሻው የጠፋ ደብተር አለ። የመጨረሻው መስመር 'ነፋሱም ከኋላችን በዞረ ጊዜ' ይላል። አንድ ደብተር ለሁለት ተቀድዶ ይመስለኛል።"

ከዚያ አንዷ አጨበጨበች፤ ሁሉም አጨበጨቡ። ኡስታዝ ወግዲ ከወንበራቸው ብድግ ብለው ወደፊት መጡ። ፊታቸው እንደ ልጅ በርቶ ነበር። ኢንሻራህ እሳቸውን እያየች፣ ዓይኗ እንባ እያቀረረ ማንበቧን ቀጠለች። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ግን አላየችም፤ መስመሩ ገና እየወረደ ነው።

"የጸሐፊው ስም በእኛ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ በራሱ እጅ ተጽፏል። ሰሊም ቢን ፋሪስ ይባላል፤ የትሪፖሊ ሰው ነው። ሐሙዳ ያላችሁት የተሳሳተ ይመስለኛል። ማኅተሙ ደብተሩን በኋላ የገዛ ነጋዴ ይሆናል፤ በዚያ ዘመን ሐሙዳ የሚባል የድምያጥ ሩዝ ነጋዴ በሌላ ሰነዳችን ላይ ተጠቅሷል፤ ባሕር ፈሪ እንደነበረም ተጽፏል..."

እዚህ ላይ ማንበቧን አቆመች። ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አንዷ ተማሪ ሳታስበው ኪኪ አለች፤ ወዲያው አፏን ያዘች። ኡስታዝ ወግዲ መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ። ኮታቸውን ከወንበሩ ላይ አንስተው ወጡ።

ረቡዕ አልመጡም። ሐሙስም አልመጡም። በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ ሁለት ቀን ቀርተው አያውቁም።

ሸዋድፊ ወሬውን ሲሰማ ኢንሻራህን ጠራት። "አዋረድሽን" አላት። "እኛ ድሮ ስንሳሳት ስህተታችን ምድር ቤት ነበር የሚተኛው። አሁን በዓለም ፊት ተዘረጋ! ገጹን ዛሬውኑ አውርጂው።"

"እሺ" አለችና ወጣች። ሽቦውን ሰካች፤ ነቀለች። እንደገና ሰካች። ገጹን ሳታወርደው ወጣች። ቤት ስትገባ ከኩሽና ሳሎን፣ ከሳሎን በረንዳ ስትል ሩሽዲ መዶሻውን አስቀመጠ።

"ሴትዮ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" አላት። "ስድስት ሳምንት ሙሉ ስትጽፊ፣ ይህን ሰው አንድ ቀን ቁጭ ብለሽ 'ስምዎን ልጻፍ ወይ?' ብለሻቸዋል?"

አላለችም። ይህን ራሷም ታውቃለች፤ ያስቆጣትም እሱ ነው።

ዓርብ ጠዋት በጀልባ ተሻግራ ቤታቸው ሄደች። በሩን የከፈተችላት ባለቤታቸው ማርሴል ናት።

"ነይ ግቢ ልጄ፣ እንኳን መጣሽ። ሦስት ቀን ሙሉ የሚያወራው ከጓቫው ዛፍ ጋር ብቻ ነው። ዛፉ ምን እንደሚመልስለት አላውቅም፤ እኔንስ ዘግቶኛል።"

ኡስታዝ ወግዲ ከጓሮ ቅርጫት ይዘው ጓቫ ይለቅማሉ። ቀና ብለው አዩዋትና መልቀማቸውን ቀጠሉ። ኢንሻራህ መቆም አቃታት፤ ተቀመጪ ያላት የለም፤ ወዲያ ወዲህ አለች።

"ቁሚ እባክሽ፤ ዞረብኝ" አሉ።

ቆመች። "ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሳልጠይቅ ስምዎን ጻፍኩ። አስቀድሜ እስከ መጨረሻው ሳላየው ጮክ ብዬ አነበብኩ።"

"ስሜን ለምን ጻፍሽው?"

"ሥራው የርስዎ ስለሆነ ነዋ።"

"እንግዲያ ስህተቱም የኔ ነው" አሉ። አንድ ጓቫ አሽትተው ቅርጫቱ ውስጥ ጣሉት። "ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ! ስንት ልጆች ፊት ቆሜያለሁ፣ ኢንሻራህ? ሩዝ ነጋዴ! እሱም ባሕር የሚፈራ! እኔ ማዕበል አሻግሬዋለሁ፤ በቆጵሮስ ዳር ከሽፍቶች ጋር አዋግቼዋለሁ። እሺ፣ ካርዱን ልቀይር። ያንን ጀልባ ማን ያርመዋል?"

ኢንሻራህ መሳቅ መጣባት፤ ከንፈሯን ነከሰች። እሳቸው አይተዋታል።

"ሳቂ፣ ሳቂ" አሉ። የራሳቸውም ጢም ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ወዲያው ጨለም አሉ። "ገጹን አወረድሽው?"

"ኃላፊው አውርጂ ብሎኛል። እጄ እምቢ አለኝ።"

"እንዳታወርጂው!" አሉ ድንገት፤ ድምፃቸው ከፍ አለ። "ብታወርጂው ወግዲ ሲነቃበት ደበቀው ይላሉ። ካርድ ሲሳሳት ቀደን አንጥልም፤ ቀይ መስመር አስምረን ትክክለኛውን ከጎኑ እንጽፋለን፤ ማን እንዳረመው እንፈርማለን። በዚያ መስኮት ላይ መስመር ይሰመራል?"

"ይሰመራል።"

"ታሳይኛለሽ። እንዳትነኪው ግን። እኔ ራሴ ነኝ የማርመው።"

ቅዳሜ ጠዋት ኡስታዝ ወግዲ ያንኑ ኮት ለብሰው መጡ። ሌሎቹ አሥሩም ማክሰኞ ሳይሆን መጥተው ተደረደሩ፤ ማን እንደነገራቸው አልታወቀም፤ ኒዕማት ግን ጣራ ጣራ ታይ ነበር። ኡስታዝ ወግዲ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጡ። በአንድ ጣት ነው የሚጽፉት። እያንዳንዱን ፊደል ፈልገው ያገኛሉ፣ ይጫናሉ፣ ማያ ገጹን ያያሉ፣ ይመለሳሉ። ኢንሻራህ እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ ያዘች፤ ካልያዘቻቸው የቁልፍ ሰሌዳውን ልትነጥቃቸው ነው። አንዴ መስመሩ ተቋረጠ፤ ኮሪደሩ ላይ የሸዋድፊ ጩኸት ተሰማ፤ ኒዕማት ሄዳ አባበለችው። እንደገና ጀመሩ።

የጻፉት ይህ ነው፦ "በ1969 እኔ ወግዲ ቁልታ ይህ ደብተር የራይስ ሐሙዳ ነው ብዬ ጻፍኩ። ተሳስቻለሁ። ጸሐፊው የትሪፖሊው ሰሊም ቢን ፋሪስ ነው። ይህን ያስታወቀችኝን ወይዘሮ ኢዝዲሃርን አመሰግናለሁ።" ከላዩ የድሮው ስም ላይ የመሰረዣ መስመር አደረጉበት። ላኩት። ገጹ እንደገና ተከፍቶ ቀስ እያለ ወረደ። አንድ መቶ ሰባተኛው ላይ ሲደርስ መስመሩ ተሰምሯል። አንድ መቶ ስምንተኛውም ላይ ተሰምሯል። አንድ መቶ ዘጠነኛውም ላይ...

"የእግዚአብሔር ያለህ!" አለች አንዷ። "ሁሉንም ሰረዙት!"

ከአንድ መቶ ሰባት እስከ ሁለት መቶ አሥራ አራት፣ የቁርኣን ማብራሪያዎች፣ የሕክምና መጻሕፍት፣ ግጥሞች፣ ሁሉም ተሰርዘው ቁጭ ብለዋል። ኡስታዝ ወግዲ ፊታቸው አመድ መሰለ። ኢንሻራህ አፏን ስትከፍት አሥሩ ተማሪዎች በአንድ ድምፅ "የከፈቱትን ይዝጉ!" ብለው ጮኹ። መዝጊያ ምልክቱን ረስተዋል። ራሳቸው ፈልገው አገኙት፤ በዚያችው ጣት አስገቡት፤ መጻሕፍቱ አንድ በአንድ ከመሰረዝ ዳኑ። ያን ጊዜ ነው ኡስታዝ ወግዲ ከሆዳቸው የሳቁት። በሥራ ቦታ ሲስቁ ያየ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላቸው። ከራት ይልቅ ስህተት የሚርባቸው ሰው ሆኑ። በየሳምንቱ ካርዶቻቸውን እያገላበጡ አንድ ሁለት ያርማሉ። ሸዋድፊም ገጹን የማውረዱን ነገር ረሳው፤ ካይሮ ላይ በተደረገ ስብሰባ "እኛ ድምያጥ ውስጥ የጀመርነው" እያለ ንግግር አድርጓል። የጀልባዋ ባለቤት ግን ነገሩ ሲነገረው ስሙን አልፍቅም አለ። "ሩዝ ነጋዴም ይሁን፤ ይሄው ዘጠኝ ዓመት አላሰመጠኝም" ብሎ ያንኑ ስም በአዲስ ቀለም ደገመው።

በሚቀጥለው መጋቢት ከኢዝዲሃር ሌላ ደብዳቤ መጣ። ሁለቱን ደብተሮች አንድ ላይ ለማሳተም ቤተ መጻሕፍቷ ከድምያጥ አንድ ሰው ይጋብዛል፤ ጉዞውም መኝታውም ተሸፍኗል። ደብዳቤው የተላከው ለኢንሻራህ ነው። አነበበችው። ተነሥታ አዳራሹን ሁለት ጊዜ ዞረች። ሃያ ሁለት ዓመት ከዚያ መስኮት ባሕር ያለበትን አቅጣጫ ስታይ የኖረች ሴት ናት፤ ካይሮን አልፋ ሄዳ አታውቅም። ቀድሞ ልቧ ውስጥ ሻንጣዋን አሥራ ጨርሳለች። ሸዋድፊ ቢሰማ ደግሞ "ኃላፊ እያለ!" ብሎ እንደሚነሣ ታውቃለች።

ተመልሳ ቁጭ አለችና ሳታስብበት፣ ማለትም ማሰብ ከጀመረች እንደማታደርገው ስለገባት፣ "የሚመጡት ደብተሩን ያገኙት ኡስታዝ ወግዲ ቁልታ ናቸው" ብላ ጻፈች። ላከችው። ከዚያ ሽቦውን ነቅላ ለሸዋድፊ ስልኩን መለሰችለት።

አልቆጫትም ብል ዋሸሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ ከሩሽዲ ጋር ተጣላች፤ ምክንያት ፈልጋ ነው። ኡስታዝ ወግዲ በበኩላቸው አልሄድም አሉ፤ አውሮፕላን ይፈራሉ። "አንቺ እኮ ነሽ የማትቀመጪው፤ አንቺ ሂጂ" አሏት። እሷም "ባሕር የፈራው ሐሙዳ ነው ወይስ እርስዎ?" ብትላቸው ተናደው ወደ ትሪፖሊ ሄዱ።

በዚያው ሳምንት ኢንሻራህ ወደ ከፍር አልሼኽ ተላከች፤ እዚያ ደግሞ ዘጠኝ ሠራተኞች ኢንተርኔት አስተምሪን ብለው ይጠብቃሉ። ሚኒባሱ መንገድ ላይ ጎማው ፈነዳ። ሁሉም ሰው ጥላ ፈልጎ ተቀመጠ፤ እሷ ግን ሞደሙን በብብቷ ይዛ በሩዝ ማሳው ዳር ወደፊት ሄደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች። ደርሳ ሞደሙን ስትሰካ ከትሪፖሊ የመጣ መልእክት ጠበቃት። በአንድ ጣት የተጻፈ መሆኑ ያስታውቃል።

"ደህና ደረስኩ። አይባቸው ጨው የለውም። ሁለቱን ደብተሮች አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥናቸው፤ ቅዳጁ ከቅዳጁ ገጠመ። ሰሊም እኛ ባላነበብነው ግማሽ ውስጥ ስለ ድምያጥ ይጽፋል፤ ሰዎቿ ብዙ ያወራሉ፣ ወንበር ግን ጥሩ ይሠራሉ ይላል። ለኒዕማት ንገሪያት።"

ዘጠኙ ሠራተኞች ቁጭ ብለው ይጠብቋታል። ኢንሻራህ ጠመኔውን አነሳች።